እንደ ራሴ ያለው ማነው?
(የአዲ አርቃይ መራጭና የድምፁ ታሪክ)

የምርጫ ታሪክ ሲነሣ የአብዛኞቻችን አሳብ ቶሎ ብሎ አዲስ አበባ ይገባል። የአራት ኪሎው ምክር ቤት፣ የመስቀል አደባባይ ሰልፍ፣ በሬዲዮ የሚነበብ ውጤት ይታየናል። ዳሩ ግን ምክር ቤት የሚሠራው ከወረዳ ነው። አንድ ወንበር አራት ኪሎ ከመድረሱ በፊት አንድ ሩቅ ቦታ ላይ ሰው እርሻውን ጥሎ፣ ተሰልፎ፣ ጣቱን ቀለም አስነክሮ ወረቀት ሳጥን ውስጥ መጨመር አለበት። እኛም በዚህ ጽሑፍ ታሪኩን ከግርጌ ወደ ራስጌ ለማየት አስበን ከስሜን ተራሮች ሥር ያለችውን አዲ አርቃይን መረጥን።

ለምን አዲ አርቃይ? ከጎንደር ወደ ሰሜን የሚጓዝ ሰው ዳባትንና ደባርቅን አልፎ፣ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዶ፣ ዘሪማን ሲያልፍ ያገኛታል። ጣሊያን በወረራው ዘመን የዘረጋው መንገድ በከተማዋ መሐል አልፎ ወደ ማይ ጠብሪ፣ ከዚያም ተከዜን ተሻግሮ ወደ ሽሬና ወደ አክሱም ይዘልቃል። ከበላይዋ የስሜን ደጋ፣ ከበታችዋ ቆላው፣ ከአጠገቧ የዋልድባ በረሃና ገዳሙ አለ። ስሟ እንኳ የሁለት ቋንቋ ጎረቤት መሆኗን ይናገራል፤ «አዲ» በትግርኛ መንደር ማለት ነው፣ «አርቃይ»ም ሽመሉ ነው። እንዲህ ያለ የመተላለፊያና የወሰን አገር ሰው የውክልናን ነገር ከመሐል አገር ሰው በተለየ ያውቀዋል። የወሰኑ መሥመር በተነካ ቁጥር «ማነው የሚወክለኝ?» የሚለው ጥያቄ እንደገና ደጁ ይመጣበታልና።

ከዚህ በታች የምናነሣው ጥያቄ እንግዲህ አንድ ብቻ ነው። ሳጥኑ ከመጣ ወዲህ ለአዲ አርቃይ ሰው «እንደ ራሴ» ሊባል የሚገባው ሰው ተገኝቶ ያውቃል ወይ?

አንድ ቃል፣ ሁለት ጌታ

በአማርኛችን ሕዝብ መርጦ ወደ ምክር ቤት የሚልከው ሰው «እንደራሴ» ይባል ነበር። ቃሉ ሲፈታ «እንደ ራሴ» ነው፤ እኔ በሌለሁበት እኔን ሆኖ የሚቆም ማለት ነው። ግሩም ቃል ነው። ነገር ግን ይህ ቃል የሕዝብ ከመሆኑ በፊት የንጉሥ ነበረ። ተፈሪ መኰንን ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ የተጠሩት አልጋ ወራሽና እንደራሴ ተብለው ነው። ኋላም ጠቅላይ ግዛት እንዲገዛ የሚላከው ሹም የንጉሠ ነገሥቱ እንደራሴ ይባል ነበር። በዚህ አጠራር «ራሴ» የሚለው ንጉሡ ነው፤ እንደራሴው የንጉሡን ፊት ይዞ ወደ ሕዝቡ ይመጣል። በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዘመን ያው ቃል አቅጣጫውን ለወጠና ሰው የሕዝቡን ፊት ይዞ ወደ መንግሥት የሚሄድበት ስም ሆነ።

አቅጣጫው በእርግጥ ተለውጧል ወይ? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ስሙ ያው፣ ጌታው ግን ሁለት ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያለውን የምርጫ ታሪካችንን በሙሉ «ራሴ የሚለው ማነው?» ብለን ብናነብበው የምንሳሳት አይመስለንም።

የስሜን ሰው ከዚያ በፊት ገዥ ሲለወጥ ያየው በድምፅ ሳይሆን በጦር ነው። ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም ለራሳቸው ንግሥ ያሰቡትን የደረስጌ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን እዚያው ስሜን ላይ አሠሩ። በ1847 ዓ.ም. ግን ካሣ ኃይሉ በጦርነት ድል ነሥተዋቸው በዚያው ቤተ ክርስቲያን ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ዘውዱ የወደቀውም የተነሣውም በገበሬው ማሳ ላይ ነበር፤ ገበሬውን ግን የጠየቀው የለም። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይል የነበረውም በከንቱ አይደለም።

ይህን ስንል ግን ገበሬው መምረጥ አያውቅም ነበር ማለታችን አይደለም። ይህን የሚሉ ብዙ ናቸው፤ እኛ አንቀበለውም። በርስት አገር ጭቃ ሹምነት ከአባት በሚቆጠረው ትውልድ መካከል በተራ የሚዞርበት ልማድ ነበረ። ሰንበቴው ሙሴውን ይመርጣል፤ እድሩም ዕቁቡም ዳኛውን ይሾማል፣ ካልሠራም ያነሣዋል። ጠብ ሲነሣ ሁለቱ ወገኖች ሽማግሌ ይቆጥራሉ፤ አንዱ ያልወደደው ሽማግሌም ይቀየራል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ሦስት ነገር አለ፤ መራጩ የሚመርጠውን ያውቀዋል፣ የተመረጠው ተራው ያልፋል፣ ያጠፋ ይነሣል። የገበሬው የምርጫ ትምህርት ቤት ይህ ነበር። ከላይ የመጣው ሳጥን ከዚህ ትምህርት ቤት ጋር ተገናኝቶ ቢሆን ኖሮ ታሪካችን ሌላ በሆነ!

«ሕዝቡ እስኪችል ድረስ»

የመጀመሪያው የጽሑፍ ሕገ መንግሥት ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. ሲታወጅ ሁለት ምክር ቤቶች አቋቋመ፤ አንዱ የሕግ መወሰኛ፣ ሌላው የሕግ መምሪያ። የሕግ መምሪያው አባላት በመኳንንቱና በየአገሩ ሹማምንት እንዲመረጡ ተደነገገ፤ ይህም ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ ነው ተባለ። ሙሴውን የሚሽረውና ሽማግሌውን የሚቀይረው ሰው «ገና አልቻለም» ተብሎ እንዲጠብቅ ተነገረው። ጥበቃውም ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆነ። በመካከሉ ወረራው መጣ። የደባርቅና የሊማሊሞ ገደል የጦር ሜዳ ሆኖ የወልክፊት ምሽግ እጁን የሰጠው በመስከረም 1934 ዓ.ም. ነበር። አገሩን ለማስለቀቅ የደማው አርበኛና ስንቅ ያቀበለው ገበሬ ግን ነፃነት ከተመለሰ በኋላም እንደራሴውን በራሱ አልመረጠም።

ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣና 21 ዓመት የሞላው ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ሴትም ወንድም፣ የሕግ መምሪያውን አባላት እንዲመርጥ ፈቀደ። አንድ የምርጫ ወረዳ 200,000 ያህል ሕዝብ ይይዝና ሁለት እንደራሴ ይልካል፤ ከ30,000 በላይ ሕዝብ ያለው ከተማም የራሱን ይጨምራል። ዕጩው ደግሞ 25 ዓመት የሞላው፣ በወረዳው የሚኖርና በዚያው ንብረት ያለው መሆን ነበረበት። የሕግ መወሰኛው አባላት ግን ያው በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ ሆነው ቀሩ።

ቁጥሩን እንመልከተው። ሁለት መቶ ሺህ ሰው በአዲስ አበባ ጥቂት ሰፈር ነው። በስሜን ግን ይህን ያህል ሰው ለማግኘት ስንት ገደል መውረድ፣ ስንት ወንዝ መሻገር ያስፈልጋል! የቆላው ሰውና ራስ ደጀን ሥር ገብስ የሚዘራው ሰው ገበያቸውም ችግራቸውም ይለያያል። የከተማ ሕዝብ በበኩሉ ለብቻው ወንበር ተሰጠው። ንብረት የሌለው ደግሞ መምረጥ ይችላል፣ መመረጥ ግን አይችልም። እንግዲህ «እንደ ራሴ» የሚለው ቃል ከመነሻው ተቆረጠ፤ የእኔ ብጤ ድሃ እኔን ሆኖ እንዳይቆም ሕጉ ራሱ በሩን ዘጋ።

የመጀመሪያው ምርጫ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ለ210 ወንበሮች ተካሄደ። ከዚያም በየአራት ዓመቱ፣ በ1953፣ በ1957፣ በ1961ና በ1965 ዓ.ም. ተመረጠ። ፓርቲ የሚባል ነገር አልነበረም። በመጀመሪያው ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ተመርጠው የመጀመሪያዋ ሴት የሕዝብ እንደራሴ መሆናቸው የሚዘነጋ አይደለም። ነገር ግን ፓርቲ በሌለበት እያንዳንዱ እንደራሴ ብቻውን ነው። ለብቻው ተመርጦ፣ ለብቻው አዲስ አበባ ወርዶ፣ ከሚኒስትሮቹ ፊት ለብቻው ይቆማል። መራጩም «ይህን አሳብ መረጥሁ» የሚልበት መንገድ የለውም፤ ሊል የሚችለው «እገሌን መረጥሁ» ብቻ ነው።

በዚያው ዘመን በሌላው ዓለም ምን ይደረግ ነበር? ሕንድን እንውሰድ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1951–52 የመጀመሪያውን አጠቃላይ ምርጫዋን ስታካሂድ ከ170 ሚሊዮን በላይ መራጭ ነበራት፤ አብዛኛው ማንበብ አይችልም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ዕጩ ለየብቻ ሳጥን ተቀምጦ በላዩ የፓርቲው ምልክት ተሳለበት። በ1957 ደግሞ፣ ማለት የእኛ የመጀመሪያ ምርጫ በተካሄደበት በዚያው የአውሮፓ ዓመት፣ ኬረላ የምትባለው የባሕር ዳርቻ ግዛት ሕዝብ በወረቀት ብቻ የግዛቱን መንግሥት ለኮሙኒስቶች ሰጠ። ከሁለት ዓመት በኋላ የዴልሂ መንግሥት አፈረሰው፤ ሕዝቡ ግን መምረጡን አልተወም። ኋላም ለረጅም ዓመታት በየአምስት ዓመቱ አንዱን አውርዶ ሌላውን ሲያወጣ ኖረ። እዚያም ድህነት ነበረ፤ እዚያም የመሬት ጥያቄ ነበረ። ልዩነቱ የእነሱ ወረቀት ሹም ማውረዱ፣ የእኛ አለማውረዱ ነው።

ወረቀቱ ሹም ካላወረደ ገበሬው ቅሬታውን በምን ይገልጠዋል? መልሱን ከጎረቤት ጎጃም እናገኘዋለን። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። አዋጁ እንደራሴዎቹ በተቀመጡበት ምክር ቤት በኩል ያለፈ ነው። የጎጃም ገበሬ ግን «እንደራሴዬ ተስማምቷልና እሺ» አላለም። ርስቴን ሊነኩብኝ ነው ብሎ ጠመንጃውን አነሣ። ጦር ተላከበት፤ መጨረሻው ግን መንግሥት አገረ ገዥውን ማንሣትና ውዝፉን ግብር መማር ሆነ። የዚህን ዐመፅ ትምህርት ልብ እንበል። ሦስት ጊዜ ድምፅ የሰጠው ገበሬ ያልሰማውን መንግሥት፣ አንድ ጊዜ ጠመንጃ ያነሣው ገበሬ አሰማው። ይህ ለሕዝብም ለመንግሥትም መጥፎ ትምህርት ነው። እስከ ዛሬም ያልለቀቀን ይመስለናል።

በስሜንም ቢሆን በደል የደረሰበት ሰው አቤት ለማለት ሲነሣ እስከ ዙፋን ችሎት ድረስ ይጓዝ ነበር እንጂ እንደራሴዬ ዘንድ ልሂድ የማለት ልማድ አልያዘም። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ያውቃላ! የጭሰኛና የባለ መሬት ግንኙነትን ሊያሻሽል የታሰበው ሕግም በዚያው ምክር ቤት ሲንከባለል ቆይቶ ሳይወጣ ቀረ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ንጉሠ ነገሥቱን አውርዶ ምክር ቤቱን ሲበትን ምክር ቤቴን መልሱልኝ ብሎ የተነሣ ገበሬ አለመኖሩ አያስደንቅም።

ከማኅበር እስከ ሸንጎ

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆኖ ታወጀ። በ800 ሄክታር መሬት አንድ የገበሬ ማኅበር እንዲቋቋም፣ መሪዎቹንም ገበሬው ራሱ እንዲመርጥ ተባለ። እውነቱን መናገር ካስፈለገ ለገበሬው ልማድ በጣም የቀረበው የምርጫ ዓይነት ይህ ነበር። መራጩ የሚመርጠውን ያውቀዋል፣ መንደርተኛው ነው። የፍርድ ሸንጎ ዳኛውም እንዲሁ። ሲጀመር ነገሩ ተስፋ ነበረው። ግን ብዙም ሳይቆይ ማኅበሩ የመንግሥት እጅ ሆነ። ግብር ሰብሳቢው፣ የእህል ኮታ አስገቢው፣ ለውትድርና ልጅ መልማዩ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆነ። ገበሬው የመረጠው ሰው ፊቱን አዙሮ የበላይን ትእዛዝ ይዞ መጣበት። እንደራሴው እንደገና የንጉሡ እንደራሴ ሆነ ማለት ነው፤ ንጉሥ ግን አልነበረም።

በስሜን በኩል ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረ። የኢዲዩ፣ የኢሕአፓ፣ የሕወሓት፣ ኋላም የኢሕዴን ታጣቂዎች በበጌምድርና በአካባቢው ተመላልሰውበታል፤ ጠለምትና ወገራ የዚህ ታሪክ አካል ናቸው። ቀን የመንግሥት፣ ሌሊት የሌላ በሆነ አገር የሚኖር ሰው ድምፁን የሚጠይቀው ብዙ ነው፤ ሁሉም «ከእኔ ጋር ነህ ወይ?» ይለዋል። ጥያቄው የሚቀርበው ግን ከመሣሪያ ጋር ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ጠቢቡ ገበሬ ዝም ማለትን ይመርጣል። ዝምታውም አንድ ዓይነት ድምፅ ነው፤ ቆጣሪ የለውም እንጂ።

በዚህ መካከል ጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. የኢሕዲሪ ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ፤ 81 በመቶው ደገፈው ተባለ። ሰኔ 7 ቀን 1979 ዓ.ም. ለብሔራዊ ሸንጎው 835 ወንበሮች ምርጫ ተደረገ። ዕጩ የሚያቀርቡት ኢሠፓ፣ የብዙኃን ድርጅቶችና የጦር ክፍሎች ነበሩ። ወዲያው ጎንደር ሰሜንና ደቡብ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። መሥመር ማስመር ላይ የጎደለ ነገር አልነበረም። ከአራት ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1983 ዓ.ም.፣ ዘመቻ ቴዎድሮስ ተከፍቶ ጎንደር ከደርግ እጅ ወጣች፤ በግንቦትም ደርግ ራሱ ወደቀ፤ ሸንጎውም አብሮ ተረሳ። በ1847 ዓ.ም. በደረስጌ እንደሆነው ሁሉ አሁንም ገዥ የተለወጠው በጦር ነው። ስሙን እንኳ ከዚያው ዘመን ተዋሰ!

ሰኔ 14 ቀን፣ ሁለት ጊዜ

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ በብዙ መልኩ ተለወጠ። ፓርቲ ተፈቀደ። የመራጭ ዕድሜ 18፣ የተመራጭ 21 ሆነ። ስሙም «የሕዝብ ተወካይ» ተባለ፤ «እንደራሴ» ከአፋችን እየራቀ ሄደ። የመጀመሪያው የክልልና የወረዳ ምርጫ ሰኔ 14 ቀን 1984 ዓ.ም. ተካሄደ፤ ለሕገ መንግሥት ጉባኤ ግንቦት 28 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ ለተወካዮች ምክር ቤት ደግሞ ሚያዝያ 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ተመረጠ። ምክር ቤቱ 547 ወንበር ሲኖረው የአማራ ክልል ድርሻ 138 ነው። በአንድ የምርጫ ክልል አንድ ወንበር፣ ከሁሉ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ይወስደዋል፤ በአንድ ድምፅ የተበለጠ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ለአዲ አርቃይ ግን ትልቁ ለውጥ የወሰኑ ነው። በ1984 ዓ.ም. ክልሎች ሲዋቀሩ ከስሜን አውራጃ ጋር ይተዳደር የነበረው ጠለምት ወደ ትግራይ ተካለለ፤ አዲ አርቃይ በአማራ ክልል ቀረች። የአንድ አውራጃ ወረዳዎች የነበሩት የሁለት ክልል ጫፎች ሆኑ። ከአዲ አርቃይ ማይ ጠብሪ ገበያ የሚሄደው ሰው ያንኑ መንገድ ይሄዳል፣ ከዚያው ሰው ጋር ይገበያያል፣ ያንኑ ሁለት ቋንቋ ይናገራል፤ ድምፁን ግን የሚሰጠው ለሌላ ክልል ምክር ቤት ሆነ። ይህ ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ሲያወዛግብ ኖሯል፤ ደምም አፍስሷል። እዚህ ላይ ፍርድ መስጠት የጽሑፋችን ጉዳይ አይደለም። አንድ ነገር ግን መታለፍ የለበትም። መሥመሩን በተመለከተ የሁለቱም ወገን ገበሬ በነፃ ተጠይቆ በሳጥን የመለሰበት ቀን አልነበረም። ስለ ተወካይ ተጠየቀ እንጂ ስለ ወሰኑ አልተጠየቀም።

የ1992ቱ ምርጫ በገዥው ግንባር ሙሉ የበላይነት አለፈ። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ግን ሌላ ቀን ነበረ። ከ25 ሚሊዮን በላይ መራጭ ተመዝግቦ፣ ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ተላልፎ፣ ንብ የያዘው ኢሕአዴግና ሁለት ጣት ያነሣው ቅንጅት በየገጠሩ ተወዳደሩ። በመጨረሻው ውጤት ኢሕአዴግ 327፣ ቅንጅት 109 ወንበር ያዙ፤ በአማራ ክልል ገጠርም ተቃዋሚው ብዙ ወንበር አገኘ። ገበሬው አሳብን ከአሳብ አወዳድሮ መምረጥ እንደሚችል ያ ቀን አሳየ። «እስኪችል ድረስ» የተባለው ነገር እዚያ ላይ አበቃ።

ግን ምን ይሆናል! በውጤቱ ላይ በተነሣው ውዝግብ በሰኔ 1997ና በጥቅምት 1998 ዓ.ም. ደም ፈሰሰ። በኋላ የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን 193 ሲቪሎች መሞታቸውን ገለጠ። የተቃዋሚ መሪዎች ታሰሩ። በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የአንድ ቀበሌ ምክር ቤት ወንበር ወደ 300 ከፍ አለ፤ በመላ አገሪቱም ከ3 ሚሊዮን በላይ ወንበር ለገዥው ግንባር ሆነ። ሦስት መቶ ሰው በአንድ ቀበሌ! ይህ ማለት በየጎጡ የሚገናኙት ጎረቤቶች ግማሾቹ «ተመራጭ» ሆኑ እንደ ማለት ነው። አንድ ለአምስት አደረጃጀቱም ተዘረጋ። ማዳበሪያው፣ ምርጥ ዘሩ፣ የብድር ማኅበሩ፣ የሴፍቲኔት እርዳታው ሁሉ በቀበሌ በኩል ሲያልፍ፣ ገበሬው ወረቀቱን ሲያጥፍ የሚያስበው የሚቀጥለውን አምስት ዓመት ፖለቲካ ሳይሆን የሚቀጥለውን ክረምት ማሳውን ነው። ይህን ማሰቡ ድንቁርና አይደለም፤ ቤቱን የሚያስተዳድር ሰው ብልኅነት ነው። ጥፋቱ ማዳበሪያውንና ድምፁን በአንድ እጅ የያዘው አሠራር ላይ ነው።

ውጤቱ ምን ሆነ? ግንቦት 15 ቀን 2002 ዓ.ም. ከ547ቱ 545ቱን፣ ግንቦት 16 ቀን 2007 ዓ.ም. ደግሞ 547ቱንም ገዥው ግንባርና አጋሮቹ ወሰዱት። በወረቀት ላይ ቅር ያለው አንድ የምርጫ ክልል እንኳ አልነበረም። አንድ ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በሐምሌ 2008 ዓ.ም.፣ ጎንደር ከተማ በተቃውሞ ሰልፍ ተጥለቀለቀች። ከዚያም ባሕር ዳር፣ ከዚያም ሌላው። እንዴት ነው ነገሩ? ሁሉም ወንበር የደገፈው መንግሥት በዓመቱ ሕዝብ ሁሉ የወጣበት እንዴት ሆነ? መልሱ ቀላል ነው። ሳጥኑ ሕዝቡን መስማት ትቶ መንግሥትን መድገም ጀምሮ ነበር። ሐኪም የበሽተኛውን ትኩሳት ሲለካ ቴርሞሜትሩን በራሱ ብብት ቢይዝ «ደኅና ነህ» ይለዋል። በሽተኛው ግን ይሞትበታል። መቶ በመቶ ያሸነፈ መንግሥት ከሁሉ ይልቅ ራሱን ነው ያታለለው።

ከዚያ ወዲህ ያለው የእኛ ትውልድ ታሪክ ነው። በ2010 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ መጣ። በ2012 መጨረሻ ሊካሄድ የነበረው ምርጫ በኮሮና ምክንያት ተላለፈ። በትግራይ ጳጉሜን 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ለብቻ ምርጫ ተደረገ፤ የፌዴራሉ መንግሥት አልተቀበለውም፤ በጥቅምት 2013 መጨረሻ ጦርነት ተጀመረ። ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ምርጫው በብዙው አገር ሲካሄድ፣ የትግራይ 38 ወንበሮች ከምርጫው ውጭ ሆኑ። ውጤቱ መጀመሪያ ከተነገረላቸው 436 ወንበሮች ብልጽግና 410 ወሰደ። ሰኔ 14! ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በፊት የመጀመሪያው የክልል ምርጫ የተካሄደበት ያው ቀን ነው።

ከዚያች ሰኔ በኋላ ወር እንኳ በወጉ ሳይሞላ በአዲ አርቃይ መንገድ የሚያልፈው የጦር መኪና ሆነ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ አዲ አርቃይ ደረሰ። ሰው እናቱን አዝሎ፣ ከብቱን ነድቶ ወደ ደባርቅና ወደ ዳባት ሽቅብ ተሰደደ። ምርጫ በተነገረበት ክረምት መራጩ አገሩን ለቅቆ ወጣ። በ2015 ዓ.ም. ጥቅምት ማብቂያ የፕሪቶሪያው ስምምነት ያንን ጦርነት አስቆመው፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ ግን በአማራ ክልል ሌላ የትጥቅ ግጭት ተነሣ። እንግዲህ ከደረስጌ እስከ ዛሬ ያለው ዑደት ይኸው ነው። ወረቀት ያልፈታውን ጠመንጃ ልፍታው ይላል፤ ጠመንጃ የፈታውም እንደገና ይቋጠራል።

ታዲያ ምን እንበል?

ከዚህ ሁሉ የምናወጣው ትምህርት «ምርጫ ለኛ አይሆንም» የሚል አይደለም። ይህን ተስፋ መቁረጥ በየመጠለያው እንሰማዋለን፤ ብዙ ጓደኞቻችንም ያምኑበታል። ታሪኩ የሚናገረው ግን ተቃራኒውን ነው። ሳጥኑ ለስልሳ ዓመታት ያህል ሲመጣና ሲሄድ አንድም ጊዜ የአገሪቱን ገዥ አላወረደም። ያልተሞከረ ነገር አልሠራም አይባልም። በ1997 ዓ.ም. የታየውም ሙከራው እንደተጀመረ መሰበሩን ነው እንጂ ገበሬው አለመቻሉን አይደለም።

ሙሴውን የሚሽረው ሰንበቴ ያወቃቸውን ሦስቱን ነገሮች እንመልሳቸው። መራጩ የሚመርጠውን ይወቀው፤ ማለት ዕጩው ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ተጽፎ የሚወርድ ስም ሳይሆን የአዲ አርቃይን ቆላና የዋልድባን መንገድ በእግሩ የሚያውቅ ይሁን። የተመረጠው ተራው ይለፍ፤ ማለት ሥልጣን የሚለቀቅበት ቀን በሕግ ብቻ ሳይሆን በተግባር ይኑር። ያጠፋ ይነሣ፤ ማለት ገበሬው ማዳበሪያውን ሳያጣ፣ ልጁ ከሥራ ሳይባረር፣ «አንተን አልፈልግም» የማለት መብት ይኑረው። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ተወካዩ ሹም ነው። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረትም የሹም ተረት ነው፤ የእንደራሴ ተረት አይደለም።

እኛ ተማሪዎች ደግሞ የድርሻችን አለን። ከመካከላችን ብዙዎቹ ከእንዲህ ያለው ወረዳ የመጣን ነን። በየቤታችን በ1950ዎቹ ድምፅ የሰጡ አያቶች፣ በማኅበር ሊቀ መንበርነት የተመረጡና የተሻሩ አባቶች፣ በ1997 ሌሊቱን ተሰልፈው ያደሩ እናቶች አሉ። ለዕረፍት ስንበተን አንድ ማስታወሻ ደብተር ይዘን እንሂድና እንጠይቃቸው፤ ማንን መረጥህ፣ ለምን መረጥህ፣ ከመረጥኸው በኋላ መልሰህ አየኸው ወይ? የመጨረሻዋን ጥያቄ በተለይ እንዳንረሳ። ከተመረጠ በኋላ ተመልሶ ሊማሊሞን የወረደና መራጩን ቁጭ ብሎ ያዳመጠ ተወካይ ካገኘን ስሙን ጽፈን እናምጣ። በሚቀጥለው እትም ስለ እርሱ እንጻፍ፤ «እንደ ራሴ» ማለት ምን እንደሆነ የሚያሳየን እርሱ ነውና።